ጭጎጎት ወይስ ብሎን? የልብ ባትሪ የገባለትን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት እንጠብቀው

አባዬ የልብ ባትሪ በገባለት በዘጠነኛው ቀን በቅሎ ጫነ።

ኮርቻውን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ በቅሎዋ ጀርባ ላይ ጣለ። ወዲያው ዞረበትና በረቱ አፍ ላይ ቁጭ አለ። እማዬ ደወለችልኝ። "ያ ነገር ተመለሰበት" አለች። ያ ነገር የምትለው ራስ መሳቱን ነው፤ የልብ ባትሪ (ፔስሜከር)፣ ልብ ስትዘገይ በኤሌክትሪክ የሚያስመታት ትንሽ መሣሪያ፣ የገባለትም ለእሱ ነበር።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ነርስ ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ "ሲስተር" ነው የሚለኝ። ነርስ መሆኔ ግን ብዙም አልጠቀመኝም፤ ስለ ልብ ባትሪ የማውቀው ፈተና ላይ የመጣውን ያህል ነበር። አባዬ መንዝ፣ ከመሀል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ባትሪው አዲስ አበባ ገባለት፤ ሽቦው ወለቀ፤ እንደገና ገባለት። መጀመሪያ የገባው ሽቦ በአንድ መንገድ የሚያያዝ ነበር፤ ሁለተኛው በሌላ። ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ አየሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ስንወጣ የሰጡን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። "እጁን ይጠንቀቅ" አሉን፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አባዬ ደግሞ ለምኑን ሳያውቅ የሚታዘዝ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ከለምኑ ልጀምር።

ሽቦውን የያዘው ምንድን ነው?

ባትሪው ከቆዳ ሥር፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ ከአንገት አጥንት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከእሱ የሚነሳው ሽቦ በደም ሥር ውስጥ አልፎ ቀኝ ልብ ውስጥ ይገባል። እንደ በሽታው አንድ ወይም ሁለት ሽቦ ሊሆን ይችላል። የአባዬ አንድ ነው። ጫፉ የልብን ሥጋ ነክቶ መቆም አለበት፤ ካልነካ ባትሪው የሚልከው ኤሌክትሪክ ደም ውስጥ ይቀራል። ልብ ደግሞ ዝም ብላ የምትቀመጥ ነገር አይደለችም። በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ትመታለች። ሽቦው በእያንዳንዷ ምት ይወዛወዛል።

አንደኛው ዓይነት ሽቦ ጫፉ ላይ ሦስት አራት ለስላሳ እሾኮች አሉት፤ ወደ ኋላ ያጋደሉ ናቸው። ሜዳ ላይ ስትሄዱ በርኖስ ላይ የሚለጠፈውን ጭጎጎት አስቡ። ጭጎጎት ሱፉን አይበሳም። ጸጉሩ መሀል ገብቶ ይያዛል። የልብ የታችኛው ክፍል ውስጡ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ አይደለም፤ እርስ በርስ የተጠላለፉ የሥጋ ዘንጎች አሉት። እሾኮቹ እነሱ መሀል ይሰነቀራሉ። ይህ ዓይነቱ ሥጋውን አይወጋውም፤ ተጭኖት ይቀመጣል፤ ትንሽ ይፈገፍገዋል። መጀመሪያ ላይ የሚያደርሰው ቁስል ትንሽ ነው። ችግሩ፣ የሚጠላለፍበት ነገር ካጣ ይንሸራተታል። ሌላም አለ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ጠባሳ እሾኮቹን ውጦ ስለሚይዛቸው፣ አውጡት ቢባል አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ብሎን ነው። በእርግጥም ብሎን። ጫፉ ላይ እንደ ሞላ የተጠማዘዘች፣ 2 ሚሊሜትር ያህል የምትረዝም ነገር አለች። ሐኪሙ የሽቦውን ውጪኛ ጫፍ ሲያዞር እሷ ውስጥ ከተደበቀችበት ትወጣና ሥጋው ውስጥ ትገባለች። መደበቋ ስትገባ የደም ሥሩን እንዳትቧጭር ነው። ብሎኗ ሁልጊዜ ወጥታ የምትኖርበት ዓይነትም አለ፤ እሷን እንደ ስኳር የሚሟሟ ነገር ይቀቧታል። ልብ እስክትደርስ ትሸፈናለች፤ ከዚያ ሽፋኑ ደም ውስጥ ይሟሟል። ይህን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ።

ብሎኑ ሐኪሙ በፈለገበት ቦታ፣ ልሙጥ ግድግዳም ላይ ቢሆን፣ ይያዛል። ዋጋው ቁስል ነው። ሲገባ የሥጋውን ሕዋሳት እየቀደደ፣ እየጨፈለቀ ነው። የቀኝ ልብ የታችኛው ክፍል ግድግዳ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የላይኛው ክፍል ከዚህም ይሳሳል። ባለ 2 ሚሊሜትር ብሎን በዚያ ላይ ስታስገቡ ብዙ የምትሳሳቱበት ቦታ የላችሁም። ጫፉ ወደ ውጭ ከዘለቀ ደም የልብ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀምና ልብን አፍኖ ይይዛል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ግን ለአረጋውያን፣ ለቀጫጮች፣ በተለይ ለሴቶች፣ እንዲሁም ስቴሮይድ (እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ለሚወስዱ ሰዎች ያሰጋል። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ከልብ ጫፍ ይልቅ በቀኝና በግራ ልብ መሀል ያለውን ወፍራም ግድግዳ የሚመርጡት። እሱ ወደ 1 ሴንቲሜትር ይጠጋል።

ድሮስ? እ.ኤ.አ. በ1958 ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ባትሪ ሲገባ፣ የገባለት አርነ ላርሶን ደረቱ ተከፍቶ ሽቦው ልቡ ላይ በክር ተሰፋለት። ያ ባትሪ የሠራው ለሰዓታት ነበር። ሰውየው ግን 26 ባትሪ ቀያይሮ 86 ዓመት ኖረ፤ ያረፈው በ2001 ነው። ይህን ለአባዬ ነገርኩት። "ሃያ ስድስት!" ብሎ ገረመው። "እኔ በሁለት ተማረርኩ።"

በመስታወቱ ማዶ ያየሁት

ለሁለተኛው ጊዜ ሲገባለት ለመኑልኝና ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሆኜ እንዳይ ተፈቀደልኝ። ሐኪሙ አስቀድሞ ያለውን ልንገራችሁ፤ "የአባትዎ ልብ ውስጡ ልሙጥ ነው። መጀመሪያም በደንብ አልያዘም ነበር። ኮርቻው ብቻ አይደለም ጥፋተኛው።" አባዬ ይህን ሲሰማ ዞር ብሎ እማዬን በድል አድራጊነት አያት።

አሮጌው ሽቦ ገና የሳምንታት ዕድሜ ስለነበረው ሳብ ሲደረግ ወጣ። አዲሱ፣ ባለ ብሎኑ፣ ገባ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ግራጫ ጥላ ነው፤ የጎድን አጥንት፣ የምትወዛወዝ ልብ፣ እንደ ክር የሚታይ ሽቦ። ጫፉ ቦታውን ሲይዝ ሐኪሙ መቆንጠጫ አሰረና ማዞር ጀመረ። ዙሩን ድምፁን አውጥቶ ነው የሚቆጥረው። ካነሰ አይነክስም፤ ከበዛ ሥጋውን ይቆፍራል። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ጥቋቁር ምልክቶች ሲቀራረቡ አቆመ። ብሎኑ ወጥቷል ማለት ነው።

ከዚያ ያስደነገጠኝ ነገር መጣ። ከሽቦው ጫፍ የሚነበበው የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ) መስመር ሽቅብ ተነሳ። እኔ እንዲህ ያለ መስመር የማውቀው የልብ ደም ሥር በተዘጋበት፣ የልቡ ሥጋ በሚሞት ሰው ላይ ነው። "ኧረ ዶክተር!" አልኩ፤ በመስታወት ማዶ ሆኜ። ቴክኒሻኑ ሳቀ። "ሲስተር፣ ይሄንን ነው የምንጠብቀው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኑ የቀደዳቸው ሕዋሳት ኤሌክትሪካቸው ይዛባል። መሣሪያው ያንን ያነባል። መስመሩ ከተነሳ ጫፉ ሕያው ሥጋ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ካልተነሳ ወይ ደም ውስጥ ተንሳፍፏል፣ ወይ የሞተ ጠባሳ ላይ ነው። ቁስሉ ምስክር ነው። ቆይቶ እየቀነሰ ይወርዳል።

ልብን ለማስመታት የሚበቃውን ትንሹን ጉልበት ይለካሉ። መጀመሪያ የወጣው 1.4 ቮልት ነበር። ሐኪሙ ምንም አላለም። "አስር ደቂቃ እንጠብቅ" አለና እጁን አጣጥፎ ቆመ። አዲስ የተወጋ ሥጋ ለጊዜው ያብጣል፤ ይደነዝዛል። እንደገና ሲለኩት 0.7 ሆነ። ከ1 ቮልት በታች ሲሆን ደስ ይላቸዋል። ሽቦውን ቸኩለው ነቅለው ሌላ ቦታ ቢተክሉት፣ ለምንም ያልሆነ ሁለተኛ ቁስል ይጨምሩበት ነበር።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን እስከ 10 ቮልት ከፍ አድርገው ሆዱን አዩ። ካርገበገበው ጫፉ ከሳንባ በታች ወዳለው የመተንፈሻ ጡንቻ ተጠግቷል ማለት ነው። አላርገበገበውም። "አባቴ፣ ጠንከር አድርገው ያስሉ" አሉት። አሳለ። ሽቦው ጸና። በመጨረሻ ሽቦውን ትንሽ ልል አድርገው ተዉለት። በቅሎን ስታስሩ ገመዱን አትወጥሩትም አይደል? ከተወጠረ፣ ሲነሳና በኃይል ሲተነፍስ ይነቀላል። በጣም ከላላ ደግሞ ራሱ ጫፉን ይገፋና ግድግዳውን ይበሳል።

እናንተም ሐኪማችሁን ይህን ጠይቁት፤ ነውር የለውም። ሽቦው እሾክ ነው ብሎን? ጫፉ የልብ ጫፍ ላይ ነው መሀል ግድግዳው ላይ? የመጨረሻው ልኬት ስንት ቮልት ነበር? በደቂቃ ስንት ምት ላይ ተስተካከለ? ደረቱን ራጅ አነሳችሁት? መልሱን በአማርኛ፣ በደብተር፣ ከነቀኑ ጻፉት። ሽቦ የሌለው፣ በብሽሽት ደም ሥር የሚገባ ባትሪም አለ። እሱም ልብ ውስጥ የሚቆመው ወይ በመንጠቆ ወይ በብሎን ነው፤ ጥያቄው ያው ነው።

ሐኪሙ ያስገባዋል፣ ጠባሳ ያጸናዋል

ለአባዬ የገባው በዚህ በኩል ነው። እሾኩም ሆነ ብሎኑ ጊዜያዊ ካስማ ነው። ሽቦውን ለዘለቄታው የሚይዘው የራሱ ሥጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጎዳው ቦታ ያብጣል። ሰውነት የሞቱትን ሕዋሳት ይጠርጋል። ከዚያ በጫፉ ዙሪያ ስስ የጠባሳ ከረጢት ይሠራል። ይህ ከረጢት ኤሌክትሪክ አይሰማም፤ ስለዚህ ልብን ለማስመታት የሚያስፈልገው ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጨምራል፤ ከዚያ ወርዶ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረጋል። የአሁኖቹ ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ ከ1 ሚሊግራም የማይበልጥ ዴክሳሜታዞን አለ፤ እኛ ዋርድ በመርፌ የምንሰጠው ያው መድኃኒት። ቀስ እያለ ይወጣና እብጠቱን ያበርደዋል። ጠባሳው ስስ ሆኖ ይቀራል። ብሎን ሥጋን እየወጋ ይህን ያህል የተስፋፋው አንድም በዚህ መድኃኒት ነው።

"እንግዲህ ካብ ነው" አለኝ አባዬ። "ድንጋዩን ደርድረሃል፤ ጭቃው እስኪደርቅ አትደገፈው።" የእኛ አገር ካብ ጭቃ የለውም ብዬ ልከራከረው አሰብኩና ተውኩት።

ስድስቱ ሳምንት በእኛ ቤት

ወረቀቱ "ባትሪው ያለበትን ክንድ ከትከሻ በላይ አታንሳ፤ ከባድ አትሸከም" ይላል። ይህ ከተማ ላለ ሰው ይበቃው ይሆናል። መንዝ ላይ ክንድ የሚነሳው ባልታሰበ ቦታ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ አባዬን ግማሽ ቀን ታዘብኩት።

ዋናው ዱላው ነው። የእኛ አገር ሰው መንገድ ሲሄድ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ከላይ ይሰቅልበታል። ሳያስበው ነው። ሁለቱም ክንድ ከትከሻ በላይ! ዱላውን ለሁለት ወር ልጅ ያዘለት። ቀጥሎ ጋቢው፤ ሲጎናጸፍ ጫፉን በግራ ትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይወረውራል። እማዬ ታለብሰው ጀመር። በራስ የሚጠለቅ ሹራብም አስቀረን፤ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሸሚዝና ኮት ብቻ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ኮቱ ሁለት ሆነ።

ሌላው ሰላምታ ነው። ጠያቂ ይመጣል፤ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል። ቁስሉ ላይ! ከበር ላይ ሆኜ "በእጅ ብቻ!" እያልኩ ስጮህ ዋልኩ። ለቅሶ ቤት ይድረስ፤ ቃሬዛ ግን አይሸከም። እርፍ አይያዝ፤ ጅራፍ አያጩህ። ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ መሬት ተደግፎ መስገዱ ግን ይቆየው። ጸበሉን ይጠጣ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ መጠመቁ ይቅር። ይህን ለንስሐ አባቱ አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ሲሉት ይሰማል።

ግን እጁን አንጠልጥላችሁ አትሰሩት። ጎረቤታችን ያለች ሴት ባትሪ የገባላትን እናቷን ለወር አስራ ትከሻዋ ደረቀ። ክርኑ ይታጠፍ፣ ጣቶቹ ይሥሩ፣ ክንዱ እስከ ትከሻ ቁመት ድረስ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ። እሸት ይፈልፍል፣ ቡና ይጠጣ፣ ይራመድ። ትከሻው ቢደርቅ እንኳ ወጌሻ ጋ አትውሰዱት። ወጌሻ ይስባል። ያን ጊዜ የሚወጣው የትከሻው ሕመም ሳይሆን ሽቦው ነው።

ባትሪው ያለበት ቦታ ቢያብጥ አትሹት፤ ትኩስ አታድርጉበት። ለባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ደም ነው ብላችሁ በመርፌ አትምጠጡት። መርፌው ጀርም ካስገባ ባትሪውም ሽቦውም መውጣቱ ነው።

መቼ መሮጥ አለባችሁ?

የልብ ምት ቆጠራ ለእማዬ አስተማርኳት። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን በጎቿን ስትቆጥር የኖረች ናት። ሁለት ጣቷን የእጁ አንጓ ላይ ታደርጋለች። የወንድሜ ልጅ ሞባይሉን ይዞ "ጀምሪ" ይላል፤ ደቂቃው ሲሞላ "በቃ!" ይላል። ጠዋት፣ ከአልጋ ሳይነሳ። የአባዬ ባትሪ በደቂቃ 60 ምት ላይ ነው የተስተካከለው። ከ60 ካነሰ አረፍ ብላ ትደግመዋለች። አሁንም ካነሰ ትደውላለች። መጀመሪያ ሊገባለት ሲሄድ 34 ነበር፤ እሷ ቁጥር አትረሳም።

ቁጥሩ ደህና ሆኖም የሚያስሮጡ አሉ። ማዞር ወይም ራስ መሳት ከተመለሰ። ሲተነፍስ የሚወጋ የደረት ሕመም ካለ፣ በተለይ ትንፋሽ ማጠር ከታከለበት። የማይቆም ስርቅታ፣ ወይም ሆዱ ከልቡ ጋር እኩል እየተርገበገበ ከሆነ፤ ይህን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያየዋል፤ ጫፉ መንሸራተቱን ወይም ግድግዳውን መብሳቱን ሊነግራችሁ ይችላል። ክንዱ ካበጠ። ትኩሳት፣ መግል፣ መቅላት ካለ። ከእኛ መንደር አስፋልት እስክትደርሱ መኪና መጠበቅ አለ። ስለዚህ "ነገ እናየዋለን" አትበሉ።

ሦስተኛው ወር ቀጠሮ

ብዙ ሰው ይህን ቀጠሮ ይዘለዋል። ደህና ነኝ፣ የመንገድ ወጪ ነው፣ አዝመራ ነው ይላል። አባዬም ብሎ ነበር።

ባትሪው ሲገባ ጉልበቱን ሆን ብለው ከፍ ያደርጉታል፤ ጠባሳው እየተሠራ እያለ እንዳያንሰው። የአባዬ 3.5 ቮልት ነበር። በሦስተኛው ወር ሲለኩት የሚበቃው 0.75 ሆኖ ተገኘ፤ ቴክኒሻኑ መጠባበቂያ ትቶለት ወደ 2 አወረደው። ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ እያንዳንዷ ምት የምትበላው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀጠሮውን ብትዘሉት ባትሪው ሥጋው የማይፈልገውን ጉልበት ሲረጭ ኖሮ ያለ ጊዜው ያልቃል። ያን ጊዜ እንደገና መቀደድ ነው።

"ዶክተር፣ በቅሎዬን ልጫን?" አለ አባዬ፤ ገና ሸሚዙን ሳይቆልፍ።

"ይጫኑ አባቴ። ብቻ ሰው ያግዝዎ።"

የባትሪውን መለያ ካርድ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልዬ ከመታወቂያው ጋር አሰርኩለት። ካርዱን የትም ሐኪም ቤት ሲሄድ ያሳያል፤ በተለይ ኤምአርአይ (በትልቅ ማግኔት የሚሠራ ምርመራ) ሲባል። ሞባይል ከባትሪው ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ይራቅ ተብለናል። አባዬ ሞባይሉን የሚይዘው ሸሚዙ ግራ ኪስ ውስጥ፣ ልክ ባትሪው ላይ ነው። አንድ ሳምንት ለመንነው፤ አልሰማም። እማዬ መርፌና ክር አመጣችና የሸሚዞቹን ሁሉ የግራ ኪስ ሰፋችው።